ልጄ ምን ዓይነት ሰው ነበር?

ኩልፓሽን ሠፈራችን ውስጥ የማያውቃት የለም። በከሰል ማውጫው ምግብ ቤት ሾርባ ስትቀዳ ነው ያረጀችው። ሦስት ልጅ ቀብራ አራተኛውን ስትወልድ፣ ሞት በዚህ ይብቃ ብላ ቶክታር አለችው። እኛ ካዛኮች እንዲህ ላለ ልጅ የምናወጣው ስም ነው።

ቶክታር ከምድር በታች በጋዝ ፍንዳታ ሞተ። ጋዝ ሲበዛ ማሽኑን የሚያቆመው መሣሪያ ጋዙን እንዳያሸት በእርጥብ ኮት ተሸፍኖ ተገኘ። ኮቱን ማን እንደሚያሰቅል ደግሞ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ዳይሬክተሩ ኤርመክ ሳቢቶቪች በስልክ "ሥራ እንዳይቆም!" ብሎ ይጮኻል፣ አለቆቹ ያሰቅላሉ። ይኸው ሰውዬ ሬሳው እንኳ ሳይወጣ በቴሌቪዥን ቀርቦ "ጥፋቱ የፈረቃ ኃላፊው የቶክታር ነው" አለን። አፈር ያስበላው!

በእኛ ወግ፣ ሬሳ ከመነሳቱ በፊት ሽማግሌው "ሟች ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ብሎ ሕዝቡን ይጠይቃል። ሴት ወደዚያ አትጠጋም። ያን ቀን ግን ኩልፓሽ ሰተት ብላ ወንዶቹ መሃል ገባች። ሻርፗን ይዤ ላስቀራት ብል አመለጠችኝ።

"ደግ ሰው ነበር!" አለ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ።

እሷ ለቀብር የመጣው ዳይሬክተር ፊት ሄዳ ቆመች። "ኤርመክ፣ አንተስ? አፍህ ሲንቀሳቀስ አላየሁም።"

"ኧረ እማማ፣ ደግ ሰው ነበር እንጂ።"

"ታዲያ ኮቱን ማን አሰቀለ?"

"እሱ የአጣሪ ኮሚቴው ጉዳይ ነው። እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?"

"ትናንት በቴሌቪዥን ያወራው ኮሚቴው ነው እንዴ?"

ኤርመክ ዋና መሐንዲሱን ዞሮ አየ። መሐንዲሱ የደኅንነት ኃላፊውን አየ፣ እሱ ደግሞ ጫማውን። ከዚያ ዳይሬክተሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ መኪናው ሄደ። አንድ እፍኝ አፈር እንኳ አልጣለም።

"ግድ የለም" አለችኝ ማታ። "ኮሚቴው ሠራተኞቹን ሲጠይቅ የልጄ ስም ይነጻል። ሁሉም ደግ ነበር ሲሉ ሰምተሻል አይደል?" የዋህ!

ኮሚቴው ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አስገባ። በር ላይ ግን አለቆቹ ቀድመው "ማውጫው ከተዘጋ ልጆቻችሁ ምን ይበላሉ?" ብለዋቸው ነበር። ኮቱን ማን ሰቀለ? ቶክታር። ሁሉም እንደዚያው መሰከሩ። ኤርመክ ሳቢቶቪች በሹመት ላይ ሹመት ተጨምሮለት ወደ ዋና ከተማ ተዛወረ።

በአርባው ኩልፓሽ፣ እንደ ወጋችን ፈረስ አሳርዳ ሠራተኞቹን በሙሉ ጠራች።

"ምን ነካሽ? እነዚህን ልታበዪ?" አልኳት፣ ንድድ ብሎኝ።

"ዝም በይ።"

ሾርባውን ራሷ ቀዳች። ለያንዳንዱ ሳህን ስታቀብል ቀስ ብላ "ልጄ ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ትላለች። ሁሉም እንዳቀረቀረ ሾርባው ቀዘቀዘ።

ከሠራተኞቹ መሃል የተቀመጠው ባሌ ጋ ደረሰች። ቶክታርን ሥራ ያስለመደው እሱ ነው፣ እንደ ልጁ ነበር የሚያየው። "አንተስ?" አለችው።

ባሌ ቀና ሳይል "ጨው አቀብዪኝ እስቲ" አላት።

አቀበለችው።