የመርማሪው ስውር ዘመዶች

ከዲላ ወደ ፍስሐ ገነት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ካኪ ጃኬቱ በደንብ ተተኩሷል፤ ጫማው በዚያ ሁሉ ጭቃ ያብረቀርቃል። መኪናው እስኪሞላ ድረስ በቴሌቪዥን ስለሚያየው የመርማሪ ፖሊስ ድራማ ሲያስተምረኝ ቆየ። ድራማውን ማየት አለማየቴን ግን አልጠየቀኝም።

"ኢንስፔክተሩ የጸሐፊዋ አባት ነው" አለኝ፣ የመንግሥት ምስጢር እንደሚያወጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ስትስቅ አገጯን ልብ ብለህ አይተሃል? ቁርጥ እሱን!"

በቴሌግራም ሦስት መቶ ተከታዮች አሉት። የሟቹንና የዳኛውን ጆሮ አጉልቶ፣ በቀይ አክብቦ ለጥፎላቸዋል። በእሱ ምርመራ መሠረት በድራማው ውስጥ ዘመድ ያልተገኘለት የፖሊሶቹ ውሻ ብቻ ነው፤ የእሱም ጉዳይ ገና እየተጣራ ነው።

"ደራሲው ራሱ አላወቀም ይሆናል" አለ በሐዘኔታ። "እኔን ግን ማንም አይሸውደኝም።"

ይርጋጨፌ ላይ ቦርሳ ያዘለች ወጣት ገብታ ከፊታችን ተቀመጠች። ሰውዬው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር እንኳ አልጨረሰም። ስልኩን ኪሱ ከተተና "ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ። ፍስሐ ገነት ድረስ አብረን እንደምንሄድ ነግሮኝ ነበር። ፊቱን ወደ በሩ እንዳዞረ በጉልበቶቻችን መሃል ተሽሎክሉኮ ወረደ።

ልጅቷ እስኪሰወር ድረስ በመስኮቱ በዓይኗ ተከተለችው።

"ታውቂዋለሽ እንዴ?" አልኳት።

"አባቴ ነው" አለች። "ሰው ፊት ግን አንተዋወቅም።"