ሰዓት ሰሪው አማቴና የታመመው ዘንባባ

አማቴ ያልፈቱትን ነገር አያምኑም። ይህ ጠባይ ከሥራቸው የመጣ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ቁም ሣጥን በምታህል ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ሰዓት ሲጠግኑ ኖረዋል። ደንበኞቻቸው «ጋሽ ሰከንድ» ነበር የሚሏቸው። መቼ ይደርሳል ሲባሉ «አንድ ሰከንድ» ይሉና ሰዓቱን ሳምንት ያቆዩታል። ግን ከእጃቸው የወጣ ሰዓት ተመልሶ አይመጣም፤ ይህን የሚጠላቸውም ይመሰክራል።

ኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ስለነበረ ለማንም ሳይነግሩ ከረሙ። አንድ ቀን የአንዲት ሴት ሰዓት ብሎን ከወረንጧቸው አምልጣ ወለሉ ላይ ጠፋች። ተንበርክከው ግማሽ ቀን ፈልገው አጧት፤ በማግሥቱ ሱቁን ዘጉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ቤት ውስጥ የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም። ባሌ ሄዶ ከነመሣሪያ ሣጥናቸው እኛ ዘንድ አመጣቸው።

እሳቸው ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የት ያውቃሉ። የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ ይፈቱልኝ ገቡ። የግድግዳውን ሰዓት ፈቱ፤ እሺ፣ እሱስ ሙያቸው ነው። የጸጉር ማድረቂያዬን ፈቱ። የመኝታ ቤታችንን በር እጀታ ፈቱ። መፍታቱ ላይ እጃቸው አያስቸግራቸውም፤ መግጠሙ ነው ፈተናው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሌ አባቱ የፈቱትን ሲገጥም ይውላል። እኔ አፌ ቶሎ የሚቀድመኝ ሰው ነኝ፤ ግን አማት ናቸውና ሆድ ይፍጀው እያልኩ ዋጥኩት።

ሳሎን በማሰሮ የተተከለው ዘንባባ ግን የኔ ነው። ስንጋባ ጉልበቴ ድረስ ነበር፣ ዛሬ ባሌን በአንድ ክንድ ይበልጠዋል። መዋዕለ ሕፃናት ነው የማስተምረው። አርባ ሕፃን ቀኑን ሙሉ ሲጮህብኝ ውሎ ቤት ስገባ፣ የማይጮህብኝ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ይሄ ዘንባባ ታመመብኝ። ቅጠሉ አቧራ የተነሰነሰበት ይመስል ግርጥት አለ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ጫፍ ጫፉም ይደርቅ ጀመር።

መካሪ ሞልቷል። ጎረቤቴ ውሃ ጠምቶት ነው አለችኝ፤ አጠጣሁ። የሥራ ባልደረባዬ ውሃ በዝቶበት ነው አለችኝ፤ ከለከልኩ። ፀሐይ አጥቶ ነው ሲሉኝ መስኮት ሥር ጎተትኩት፣ ፀሐይ ገደለው ሲሉኝ መልሼ ጎተትኩት። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ባሌ ደግሞ «አርጅቶ ይሆናላ» ይላል፣ አባቱ አጠገቡ ተቀምጠው እየሰሙ።

አንድ ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ዘንባባዬ ከማሰሮው ወጥቶ ሳሎኑ መሐል ጋዜጣ ላይ ተጋድሟል። አፈሩ ለብቻው አንሶላ ላይ ተቆልሏል። ሥሩ ታጥቧል፣ ሰባቱ ግንዶች ተለያይተው ከትልቁ እስከ ትንሹ በተራ ተደርድረዋል። አማቴ እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆነው፣ ፊታቸው በርቶ፣ ሥሩ ጤነኛ ነው፣ አልበሰበሰም፣ እንግዲህ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ይሉኛል። ትክክል ነበሩ። ግን ያን ጊዜ ማን ይሰማል? ደሜ ፈላ።

«አባባ፣ እባክዎን ሁለተኛ በቤቴ ያለውን ዕቃ እንዳይነኩብኝ» አልኳቸው።

ቤቴ አልኩ። ቤታችን ማለት አቅቶኝ ነው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ልመልሰው ብልም አልተመለሰም። እሳቸው «እሺ ልጄ» ብቻ ብለው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ነገር አይነኩም። ሲሞቃቸው መስኮቱን ልክፈተው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ሻይ ከፊታቸው ተቀምጦ ሰው እስኪቀዳላቸው ይጠብቃሉ። አኩርፈው ነው፣ ይወጣላቸዋል ብዬ ነበር። ኩርፊያ ቢሆን በወደድኩ፤ እሳቸው ግን ከልባቸው እንግዳ ሆነው ነበር። ባሌ ይቅርታ ጠይቂ ሲለኝ፣ ዛፌን የበታተኑት እሳቸው፣ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ብዬ ጮህኩበት።

በአሥረኛው ቀን ሌላ ከተማ ላለችው ሴት ልጃቸው ሲደውሉ ሰማሁ። እዚህ ሥራ የለኝም፣ የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጂኝ አሏት። ልጅቷ አባቷን ትወዳለች፣ ግን ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ቀኑን ሙሉ እሷ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ከግድግዳ ጋር ተፋጠው ሊውሉ ነው። እንዲሄዱ አልፈለግኩም። ለስድብ የፈጠነ አፌ ለይቅርታ ሲሆን ተሳሰረ።

ዘንባባውን እኔና ባሌ መልሰን ተክለነው ነበር፣ ግን ባሰበት። አንድ እሑድ ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ አማቴ አጠገቡ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። ሰዓት ሲሠሩ ዓይናቸው ላይ የሚሰኳትን አጉሊ መነጽር ሰክተዋል። አፍንጫቸው ቅጠሉን ሊነካ ደርሷል፣ ሁለት እጃቸውን ግን እንደ ተቀጣ ተማሪ ወደ ኋላ አጣምረዋል። አንጀቴን በሉት።

ነጭ ወረቀት አምጪ አሉኝ። ወረቀቱን ቅጠሉ ሥር ያዢ፣ እኔ አልነካም፣ አንቺ ምቺው አሉ። ቅጠሉን መታ መታ ሳደርገው ወረቀቱ ላይ ደቃቅ ነገር ረገፈ። አቧራ ነው አልኳቸው። አንድ ሰከንድ አሉኝ። ጠበቅን። አቧራው መሄድ ጀመረ።

መነጽሯን ከዓይናቸው አውጥተው ሰጡኝ። ቅጠሉን ገልብጬ ሳየው ጀርባውን ቅንቅን ወርሮታል። በመርፌ ቀዳዳ የሚያልፍ ፍጥረት፣ ከሸረሪት ድር የቀጠነ ድር አድርቶ፣ የቅጠሉን ጭማቂ እየመጠጠ ይኖራል። የነከሰው ቦታ ሁሉ አንዲት የገረጣች ነጥብ ይሆናል፤ ነጥቡ ሲበዛ ነው ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው። ለካ ነገር በዓይን ይገባል። ያ ሁሉ መካሪ፣ እኔም ጭምር፣ አንድ ቅጠል ገልብጠን አናውቅም።

«እንኳን ከለከልሽኝ» አሉ አማቴ። «እጄ ሲያርፍ ዓይኔ ሠራ።»

አለቀስኩ። ያን ቀን ክፉ ተናግሬያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይንኩት አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው አዩት፤ ይንቀጠቀጣል።

«ቅጠል ማጠብ እኮ ነው አባባ፣ ብሎን አይደለም» አልኩ።

የድሮ ደንበኛቸው የሆነ አንድ የችግኝ ጣቢያ ሰው ነበርና ደወሉለት። መጀመሪያ ሥሩን መፍታታቸውን ሲነግሩት ሰውዬው ክፉኛ ተቆጣ፤ ዘንባባ ሥሩን ሲነኩት አይወድም፣ ሰዓት መሰለዎት ወይ አላቸው። ይህን ራሳቸው እየሳቁ ነገሩኝ። ከዚያ ሰውዬው ያዘዘውን ሁሉ አደረግን። ማሰሮውን ሳሙና እንዳይገባበት በላስቲክ ሸፍነን መታጠቢያ ቤት አስገባነው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ሳሙና አደረግን። የባሌን አሮጌ ካናቴራ ቀደን እያንዳንዷን ቅጠል ከላይም ከሥርም ጠረግን፣ በንጹሕ ውሃም አለቀለቅን። እኔ መቀስ ይዤ ቢጫውን ሁሉ ልቆርጥ ስል ከለከሉኝ፤ ጨርሶ የደረቀው ብቻ ይቆረጣል፣ ግማሹ የገረጣውን ዛፉ ገና ይመገብበታል አሉ። የቅንቅኑ እንቁላል በሳሙና አይሞትም፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ደግመን አጠብን። አየሩም እንዳይደርቅበት ማሰሮውን ጠጠርና ውሃ ባለበት ሳህን ላይ አስቀመጥነው።

ቅዳሜው ግን እየቀረበ ነው። እሳቸው ቀርቻለሁ አላሉም፤ እኔም ይቅሩ አላልኩም። ብለምናቸው በይሉኝታ እሺ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እሳቸውም ሸክም መሆንን እንደሚፈሩ አውቃለሁ። እንዲህ ተፈራርተን ስናጥብ ሰነበትን። በሦስተኛው ሳምንት ከመሐል አንድ ያልተዘረጋ አዲስ ቅጠል ብቅ አለ፤ ባሌን ጠርቼ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ቅዳሜ ልጅቷ መጣች። ሻንጣውና የመሣሪያ ሣጥኑ በር ላይ ቆመዋል። ሻይዋን ጠጥታ፣ በሉ አባዬ መንገዱ ሩቅ ነው ብላ ተነሣች። አማቴ አንዴ ልየው ብለው ዘንባባው ጋ ሄዱ። መነጽራቸውን ሰክተው ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለበጡ፤ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ እስቲ አንቺ እይው» አሉኝ።

አየሁ። የመጀመሪያው ቅጠል ንጹሕ ነው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ገለበጥኩ። ወረቀት ዘርግቼ መታ መታ አደረግኩ፤ ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ። አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ቀና ስል አማቴ የሚያዩት ዘንባባውን አይደለም፣ እኔን ነው። ልጅቷ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ በሩ ላይ ትጠብቃለች።

«ገና ነው አባባ» አልኩ። «ቅንቅን ሞልቷል። ብዙ መታጠብ ይፈልጋል፣ ብቻዬን ደግሞ አልችለውም።»

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ነጩን ወረቀት ረጅም ጊዜ አዩት።

«እኔም ገና መስሎኝ ነበር» አሉ።

ልጃቸው ሳይመሽባት መንገድ እንድትጀምር ነግረው ግንባሯን ሳሟት። የመሣሪያ ሣጥናቸውንም አንሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።