ኦቦ ሁሴንና በካርታ ላይ ያልነበሩት ቤቶች

ኦቦ ሁሴን ይማም አርፈዋል። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ስጽፋት እንኳ አላምናትም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አብረን ነበርን። እንደ ወትሯቸው ተቆጥተውኛል፤ «ገመዱን ወጥረው እንጂ፣ ልብስ ልታሰጣበት ነው እንዴ?» ብለውኛል። ረቡዕ ማለዳ ሱብሂ ሰግደው ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ አረፍ አሉ፤ በዚያው አልተነሡም። እኔ አስፋልቱ ዳር ባጃጅ እየጠበቅሁ ሳለ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ እየሮጠ መጥቶ «ኦቦ ሁሴን ሞቱ» አለኝ። «የትኛው ኦቦ ሁሴን?» አልኩት። በከሚሴ ሁሴን የሚባል ሰው ሞልቷል፤ ሌላው እንዲሆንልኝ ፈለግሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ደቂቃ የማላውቀው ሰው ሞት ተመኘሁ።

እኔ ተስፋዬ እባላለሁ፤ በማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ነኝ። ኦቦ ሁሴን የከተማ ፕላን ክፍሉ ኃላፊ፣ የእኔም አለቃ ነበሩ። ከደሴ ተመድቤ ስመጣ ኦሮምኛ አንድ ቃል አልሰማም ነበር። «አካም ጅርቱ ማለት ሳትችል ነው የሰው አጥር የምትለካው?» ብለው መጀመሪያ ሰላምታ አስተማሩኝ፤ ሥራው ከዚያ በኋላ መጣ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሜትር ተሸክሜ ከኋላቸው ስከተል ኖርኩ። ሰፈር ስንገባ ሰላምታቸው አያልቅም፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ይጠይቃሉ፤ እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ በልቤ እያጉረመረምኩ እጠብቃለሁ።

አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የግንባታ ጥያቄ ሲመጣ ቦታውን በገበያ ቀን ሳያዩ አይፈርሙም። በሌላ ቀን ባዶ የሚመስለው ማዕዘን በገበያ ቀን ከጨፋ የመጡ ገበሬዎች እህል የሚያወርዱበት ሆኖ ይገኛል። አመልካቹ ሲቸኩልባቸው፣ «ፎቁ ጥሩ ነው፤ አህያው ግን የት ይቁም? እሱን ንገረኝና አሁኑኑ እፈርማለሁ» ይሉት ነበር። ሰው ይናደዳል። አንዳንዱ «ሁሴን ከተማ ሳይሆን ጋጣ ነው የሚሠራ» እያለ ያማቸው ነበር።

ግን የአዲስ ነገር ጠላት አልነበሩም፤ መነሣት ያለበትንም ያስነሡ ነበር። የአጎታቸውን ልጅ አጥር ከጎርፍ መውረጃው ላይ ያስነሡት እሳቸው ናቸው። ያ ዘመዳቸው ከዚያ ወዲያ ለአረፋ እንኳ ቤታቸውን አልረገጠም። «ዘመድ ይቀየማል፤ ጎርፍ አይቀየምም፤ ዝም ብሎ ይገባል» ብለው አለፉት። ሊፈርስ የተወሰነበት ቤት ላይ ቀይ ምልክት የሚቀባ ሠራተኛ ሲላክ ደግሞ ሁሌም አንድ ትእዛዝ ነበራቸው፦ «መጀመሪያ በሩን ያንኳኳ። ውሃ ይጠይቅ። ጠጥቶ ከዚያ ይቀባ፣ ከቻለ!»

አሁን ወደ ዋርካው ልምጣ። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በአሮጌው ገበያ ጫፍ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። ከሥሩ በአንድ ረጅም የእንጨት በረንዳ የተያያዙ የድሮ የድንጋይ ቤቶች ተደርድረዋል። መኪና ሳይበዛ በፊት ከሰንበቴ ገበያ ከብት ነድተው የሚያልፉ ነጋዴዎች የሚያድሩባቸው ነበሩ ይባላል። የበረንዳው ቋሚዎች የከብት ገመድ እየፈተጋቸው ወገባቸው ቀጥኗል። ዛሬ ልብስ ሰፊዎችና ጡረተኞች ከነቤተሰባቸው ይኖሩባቸዋል።

የከተማው ፕላን ሲከለስ ካርታውን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ሩቅ ተቀምጠው፣ ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ነበር የሠሩት። ዋርካው ደግሞ ቅርንጫፉን በጣሪያዎቹ ላይ ዘርግቷል። ከላይ የታየው ቅጠል ብቻ ነው። ስለዚህ በካርታው ላይ ቦታው አረንጓዴ ሆነ፤ ቤት የለም፣ በር የለም፣ ሰው የለም። ቀጥሎ «ባዶ ቦታ በከተማ መሐል ምን ያደርጋል?» ተባለና ለንግድ ሕንፃ እንዲዞር ሐሳብ ቀረበ። ሰው ያልታየበት ቦታ ካሣ አይጠይቅ፣ ምትክ ቦታ አይጠይቅ! ጉድ እኮ ነው።

ኦቦ ሁሴን ስብሰባ ላይ ክርክር አላበዙም። የፕላን ኮሚቴውን በጠራራ ፀሐይ ይዘው ሄዱና በረንዳው ላይ አስቀመጧቸው። ሁሉም ላቡን እየጠረገ ጥላውን ሲያገኝ እፎይ አለ። ከቤቶቹ በአንዱ የሚኖሩት አሮጊቷ አዴ ፋጡማ በጣሳ ውሃ አወጡልን። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ጣሳውን አንሥቶ ሲጠጣ ኦቦ ሁሴን ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«ውሃው ከየት መጣልህ?» አሉት።

«ከቤት ነዋ፣ ኦቦ።»

«ከየትኛው ቤት? እስቲ አሳየኝ።»

ሰውዬው ጣሳውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ፈለገ፤ ደግሞ ፈለገ። «እዚህ እንኳ... ዛፍ ነው የሚለው» አለ።

«እንግዲያ ከዛፍ ነው የጠጣኸው። አልሐምዱሊላህ በል።»

ሣቅን። አዴ ፋጡማም ነገሩ ሲተረጎምላቸው ሣቁ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ሣቃቸው ጠፋ። «የለሽም ነው የምትሉኝ? ኑ ጅራ እኮ! አለን እኮ፣ ልጆቼ! እዚህ ተድሬ፣ እዚህ ወልጄ፣ ባሌን ከዚህ በር አስወጥቼ ቀብሬ። ካርታችሁ እኔን እንዲያይ ዋርካውን ልቁረጥለት?» አሉ።

ኦቦ ሁሴን ወዲያው የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጁ። ረድፉ በቅርስነት ይከለል፤ የቤቶቹ ፊት አይነካ፤ ከጣሪያቸው ከፍ ያለ ግንባታ አይፈቀድ፤ በጓሮ በኩል ግን ነዋሪው ያስፋፋ። ምክር ቤቱ ሊወስንበት ቀን ተቆረጠ። በዚያ ቦታ ፎቅ ለመሥራት ጠይቀው የነበሩት ነጋዴው ሀጂ ከማል ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ብዙ ሳይቆይ «ሁሴን ከነዋሪዎቹ ጉቦ በልቷል» የሚል ወሬ ወጣ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

ኦቦ ሁሴን ሻይ የሚጠጡበትን ቤት ተዉ። ሲገቡ ጨዋታው ቀጥ እንደሚል አይተው ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ፣ ምንም ሳልጠይቃቸው፣ «ተስፋዬ፣ ግድግዳ ያፈረሰ ካሣ ይከፍላል። ስም ያፈረሰስ በምን ይከፍላል?» አሉኝ።

«ተዉት ኦቦ፣ ወሬ ነው፤ ያልፋል» አልኳቸው።

«ያልፋል። ከእኔ ቀድሞ ቢያልፍ ነበር ደስ የሚለኝ» አሉ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በዚያ ማክሰኞ የበረንዳውን ፊት ልክ ለምክር ቤቱ እንድናቀርብ ስንለካ ዋልን። ደክሟቸው ነበር። ቋሚውን ደገፍ ብለው ሲተነፍሱ አይቻቸዋለሁ፤ «ሙቀቱ ነው» አሉኝ፤ አመንኳቸው። በማግስቱ ቀበርናቸው።

ጀናዛው ከዙህር በኋላ ወጣ። እኛ ክርስቲያን ባልደረቦቻቸውም መስጂዱ አጥር ጥግ ቆመን ነበር፤ በእኛ አገር ለቅሶ ሃይማኖት አይለይም። ከመሸኘታቸው በፊት ታላቅ ወንድማቸው ሼህ አሕመድ ራስጌያቸው ቆመው እንደ ሥርዓቱ ሕዝቡን ጠየቁ። «ጀመዓ! ወንድሜ የበደለው ሰው ካለ ለአላህ ብሎ አውፍ ይበለው። ሐቅ አለኝ የሚልም ይንገረኝ» አሉ።

«አውፍ ብለናል! አውፍ ብለናል!» አለ ሰዉ፤ ይቅር ብለናል ማለቱ ነው። ይህ ሁሌም የሚባል ነው፤ ከዚያ ቃሬዛው ይነሣል።

«እኔ አላልኩም።»

ሀጂ ከማል ነበሩ። መሬት የተከፈተ መሰለኝ። ሬሳ ፊት! ሰው ሁሉ ዞረ፤ አንዱ ጎረምሳ ሊይዛቸው እጁን ዘረጋ፤ ሼህ አሕመድ በዓይናቸው ከለከሉት። ሀጂ ከማል ወደ ፊት መጡ።

«ምኑን ነው አውፍ የምለው? ይህ ሰው እኔን አልበደለኝም። ጉቦ በላ ብዬ ያወራሁ እኔ ነኝ። ወላሂ፣ አይቼ አይደለም፣ ሰምቼም አይደለም፤ ስለከለከለኝ ተናድጄ ነው። ከውሳኔው በኋላ እታረቀዋለሁ ብዬ ነበር። በደለኛው እኔ ነኝ። አሁን ማን አውፍ ይበለኝ?»

ሁላችንም ሼህ አሕመድ «አውፍ ብዬሃለሁ» እንዲሉ ጠበቅን። አላሉም። «ሀጂ፣ ይህ የእኔ አይደለም። የእሱ ነበር። ባወራህበት ቦታ ሁሉ ሂድና መልሰው። ከዚያ አንተና አላህ ታውቃላችሁ» አሉና ቃሬዛውን እንዲያነሡ በእጃቸው አመለከቱ።

ምክር ቤቱ በሳምንቱ ተቀመጠ። ሀጂ ከማል ማንም ሳይጠራቸው ገብተው ቃል ጠየቁና በጀናዛው ፊት ያሉትን እዚያም ደገሙት። ሲጨርሱ አልተቀመጡም። «ስሙን መልሻለሁ። መሬቱን ግን አሁንም እፈልገዋለሁ፤ እሱን አልዋሽም» አሉ። ለቅሶ ላይ የሰነበተ ሰው ሁሉ ሳይወድ ሣቀ። እኔ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኳቸው።

ሰብሳቢው ሐሳቡን ማን እንደሚያብራራ ሲጠይቁ ሁሉም ኦቦ ሁሴን ይቀመጡበት ወደነበረው ወንበር አየ። እኔ ተነሣሁ። ለካ ብባል እለካለሁ፤ ተናገር ሲባል ግን ላብ ያጠምቀኛል። የለካነውን ተናገርኩ፤ ቤቶቹ ለምን ቢቆዩ እንደሚሻል ለማስረዳት ስሞክር ግን ምላሴ ተያያዘ። ያን ጊዜ የዚያን ቀን ውሃ የጠጣው የኮሚቴ አባል ብድግ አለ። «እኔ ከዚያ ቤት ውሃ ጠጥቻለሁ። የጠጣሁበትን ቤት የለም ብዬ እጄን አላወጣም» አለና ተቀመጠ። ብዙው እጅ ለቤቶቹ ወጣ። የተቃወሙም ነበሩ፤ አልተቀየምኳቸውም፤ ከተማ ያለ ክርክር አይሠራም።

ከአዳራሹ ስወጣ እግሬ በቀጥታ የወሰደኝ ለቅሶ ቤት ነው። ባለቤታቸው አዴ ዘምዘም ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ገባቸው። «ጸደቀ?» አሉኝ።

«ጸድቋል፣ አዴ። ቤቶቹ አይነኩም።»

«ስሙስ?»

«ሀጂ ከማል በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። ወሬውን አሁን ማንም አያምንም፣ አዴ። ስማቸው ንጹሕ ነው።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሱም። «እሱ ሳይሰማ» አሉ።

ኦቦ ሁሴን፣ እንግዲህ ልሰናበትዎ። ቤቶቹ ካርታው ላይ ገብተዋል። አዴ ፋጡማ «የቱ ጋ ነኝ?» ብለው ጠይቀውኝ ጣታቸውን ይዤ በራቸው ላይ አሳረፍኩላቸው። ሀጂ ከማል በየሻይ ቤቱ እየዞሩ ያወሩትን እየመለሱ ነው። አንዳንዱ ሲሰማቸው «እኛስ መች አመንን» ይላል፤ ይዋሻል፤ አምኖ ነበር። ይህን ሁሉ በሕይወት ሳሉ ብናደርገው ምን ነበረበት? ሻይ ቤት ሲገቡ «ኑ፣ እዚህ ይቀመጡ» ለማለት የሚከብድ ነገር ነበረው? ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ጠዋት ጠዋት ደጃፍዎ ደርሼ ልጠራዎ አፌን እከፍታለሁ። አላህ ይዘንልዎ፤ አፈሩ ይቅለልዎ። በሰላም ይረፉ፣ ኦቦ። ስምዎ ትናንትም ንጹሕ ነበር፤ የዘገየነው እኛ ነን።