ዓባይ ማዶ አስፓልት ላይ የተሣለችው

ከበሮው ቀጥ አለ። የፈራሁት ያኔ ነው። ከኋላ እልልታው እየመጣ ከፊት ዝም ሲል፣ ሰው በሰው ላይ እየተደረበ መሆኑን ሆዴ ቀድሞ አወቀው። ልጄ አስፓልቱ ላይ ተንበርክካ ከዚያ መሀል ነበረች።

ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ቆሜ መዘምራኑ ለትንፋሽ ያህል ከበሮውን ሲያቆሙ ዘወር ብዬ ከኋላዬ ያለውን ሰው አያለሁ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ምን ሆንሽ ይሉኛል። ለእነሱ ምን ብዬ ልንገራቸው። ላንቺ ለወዳጄ ልንገርሽ እንጂ።

ጥምቀት ነበር። ታቦቱ ከጣና ዳር ሲመለስ በእኛ ሰፈር፣ በዓባይ ማዶ ያልፋል። የሰንበት ተማሪዎቹ ከንጋት ጀምረው መንገዱን በቀለም ጠመኔ ያስጌጡ ነበር፤ አበባ፣ ርግብ፣ እንኳን አደረሳችሁ የሚል ጽሑፍ። ታቦቱ አልፎ ሕዝቡ ሲረግጠው እስከ ማታ ምንም አይቀርም። ልጄ ያን ጊዜ ገና ልጅ ናት። ጉልበቷ እስኪላጥ ስትሥል አረፈደች። ፀሐይ የመታው ጠመኔ እንደ ደረቅ ኖራ የሚሸተው ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣም። አንድ ባለባጃጅ ቆሞ፣ "ሰማያዊው ካለቀብሽ ከኔ ባጃጅ ላይ ፋቂ" ብሎ አሳቃት። እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር ለምእመኑ ውሃ ሳቀርብ የምትሥለውን አላየሁም።

አበባ አልነበረም። እመቤታችንን ከነልጇ ነበር የሣለቻት፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አስሞልታ።

ከፊት ያለው ሰው ፊቷን ሲያይ ቆመ። ማን ይረግጣታል? ምንጣፍ የሚያነጥፉት ጎረምሶችም እንደ ጠቀለሉት ቀሩ። ከኋላ ያለው ግን አያይም፤ ይገፋል። አንዲት ሴት ወድቃ ስትጮህ ሰማሁ። ጀሪካኑን ጥዬ በሰው ብብት ሥር ሾልኬ ገባሁ።

አንድ አረጋዊ ቄስ መቋሚያቸውን አግድም ይዘው ሰውን ይመልሳሉ። "ልጄ፣ ሰው ሊያልቅ ነው። አንቺው አጥፊያት" ይሏታል።

"አባ፣ ታቦቱ ሳያያት?" አለች።

ጎትቼ እንዳላወጣት መውጫ አልነበረም። የቄሱ መቋሚያ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነጠላዬን አውልቄ ተንበረከክሁ። መጀመሪያ የእመቤታችንን ግንባር ሳምሁ፤ ጠመኔው ከንፈሬ ላይ ቀረ። ከዚያ ዓይኗን፣ ከዚያ የልጇን ፊት ጠረግሁ። ልጄ እጄን ይዛ ትከለክለኛለች። አላቆምሁም። ሰማያዊውና ቀዩ ተደባልቆ ዐመድ ሲመስል ቄሱ "እለፉ" አሉ፤ ሕዝቡም እንደ ጎርፍ ተለቀቀ።

አሁን ትልቅ ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ ጠመኔ በእጇ ነክታ አታውቅም። ጥምቀት ሲደርስ ሥራ አለብኝ ትላለች፤ ከቤት አትወጣም። እኔም አልጫናትም።

ያን ቀን ወገቧን አቅፌ፣ በሰው ክርን እየተደቆስሁ፣ ወደ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ አወጣኋት። እጇን፣ እግሯን፣ የጎን አጥንቷን ዳሰስሁ። ምንም አልሆነችም። ታቦቱ በፊታችን ሲያልፍ ሁሉም ሰገደ፤ እሷ የሰው እግር የሚሄድበትን አስፓልት እያየች ቆማ ቀረች።

"ተርፈናል ልጄ፣ ደኅና ነን" አልኋት።

"እሷስ?" አለችኝ።

"ደኅና ነን" አልሁ ደግሜ።