ለኪዳነ ምሕረት የተዘጋው መንገድ

ስለ አንድ ጠባብ መንገድና ስለ ጥቂት መኪናዎች መጻፍ ተገቢ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ገና ዘንድሮ ነው፤ አብረውኝ የሚማሩት ስለ ጦርነትና ስለ ስደት ይጽፋሉ። እኔ ግን ኢየሩሳሌምን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይህ ነው።

የምንኖረው እዚያ፣ ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር አጠገብ ነበር። በየዓመቱ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት መንገዱ ከጠዋት እስከ ቀትር ለመኪና ዝግ እንዲሆን ማዘጋጃ ቤቱ ይፈቅዳል። ፓካኹ፣ ማለትም ተቆጣጣሪው፣ በማለዳ መጥቶ በመንገዱ ጫፍና ጫፍ የብረት አጥር ያቆምና ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ሹፌሮች ይወርዳሉ፣ ብረቱን ገፋ ያደርጋሉ፣ ይገባሉ። ጨዋ የሆነው ካለፈ በኋላ ብረቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ግቢ ውስጥ ያሉትን መኪና አይነካቸውም። ችግሩ መንገዱ ላይ ለሚቆሙት ነበር። በ1992 ዓ.ም. አክስቴ ከእነሱ አንዷ ሆነች። ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያ ቀኗ ስላልሞላ ወደ ግቢው አትገባም፤ ታቦቱን ሳታይ መዋልም አልሆነላትም። ሕፃኗን አቅፋ ከበሩ ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ ቆመች። ከጎኗ፣ ለመድኃኒታቸው ሲሉ ጠዋት ዳቦ ስለቀመሱ የማይገቡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ታቦቱ ገና ሳይወጣ አንድ ታክሲ ጥሩምባውን እየነፋ በመካከላችን አለፈ፤ የጎን መስታወቱ የአክስቴን ነጠላ ይዞ ጎተተው። እናቴ ወደ ቤት እንድትገባ ለመነቻት። አክስቴም አንድ መኪና ከደገመ እሄዳለሁ አለች።

ይህን ሲነጋገሩ ተቆጣጣሪው ተመልሶ መጣ። እኛም አይሁድ ጎረቤቶቻችንም ዓመቱን ሙሉ ለማዘጋጃ ቤቱ ስናመለክት ስለቆየን ሳይሆን አይቀርም። አሮጊቷ ገና ሲያዩት፣ “አምና ብረቱን ጥሎልን ሄደ፤ ዘንድሮ ራሱንም አመጣ። እድገት ነው” አሉ።

እሱ በዕብራይስጥ አነጋገረኝ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ቦታም አለው፤ ሴትዮዋ ለምን አትገባም? ብትገባ መኪና አያስፈራትም ነበር አለኝ። ነገሩ ለእኔም ልክ መሰለኝና ለአክስቴ ተረጎምኩላት።

“ሰማንያዬ አልሞላም፣ አልገባም በይው” አለች።

ተቆጣጣሪው በሩን አየ። ወለል ብሎ ተከፍቷል።

“ማን ይከለክላታል? ጠባቂው የት ነው?” አለኝ።

በየቀኑ በዚያ በር ስወጣ ስገባ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወዲህ ሰዎቹ ቆመዋል፤ የሚያግዳቸው ገመድ እንኳ የለም። የሚጠይቅ፣ የሚመረምር የለም። እያንዳንዱ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ያውቃል፤ እዚያው ቆሟል።

“ማንም የለም” አልኩት።

ወዲያው እልልታው ቀለጠ። በበሩ አሻግረን ጥላዎቹን፣ ከጥላዎቹ ሥር ታቦቱን አየን። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተንበርክኮ ግንባሩን አስፋልቱ ላይ ደፋ። አክስቴም ልጇን ደረቷ ላይ ይዛ ጎንበስ አለች። በዚያው ቅጽበት አንድ የጭነት መኪና ከታች ብረቱን አስገፍቶ እየገባ ነበር። ጥሩምባው ጮኸ። ማንም ቀና አላለም፤ አክስቴም አልተነሳችም።

ተቆጣጣሪው ሄዶ መንገዱ መሐል ቆመ። እጆቹን ዘርግቶ መኪናውን የኋሊት እስከ ጫፍ ድረስ መለሰው፤ ብረቱንም ወደ ቦታው አቆመ። ከዚያ ግን አልሄደም። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ታቦቱ እስኪገባ እዚያው ቆየ፤ አክስቴም እስከ ፍጻሜው ቆመች።

ለቀጣዩ በዓል በሁለቱም ጫፍ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ቆሞ ዋለ። አንድም መኪና ሳይገባ በዓሉን ያከበርንበት የመጀመሪያው ቀን ዓርብ፣ የካቲት 16 ቀን 1993 ዓ.ም. ነበር።