አማቴ ላይ የደፋሁት እበት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ልጄ ሲፈን ገና ዳዴ በምትልበት ጊዜ ነው። አሁን ሲፈን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እኔ ግን እስከ ዛሬ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ነገር ከሸተተኝ የያዝኩትን ጥዬ በር እከፍታለሁ። ታሪኩን ያወራሁለት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ አማቴ ላይ እበት ደፋሁ ስለምል ነው። እስከ መጨረሻው ሲሰማ ሳቁን ያቆማል።

የምንኖረው ነገሌ ቦረና ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ያደግሁት ክብረ መንግሥት ነው። ባለቤቴ ጋልገሎ የሊበን ልጅ ሲሆን በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ሲፈን ተወልዳ ደረቷ ሲር ሲር ማለት ሲጀምር ሐኪሙ "ጭስ አታስጠጉባት" አለን። ጋልገሎ ይህን ሰምቶ መች አርፎ ተቀመጠ! ከሰል በማግስቱ ከቤታችን ወጣ። ለከሰል እየተባለ የሚቆረጠው ግራር ድሮም ያንገበግበው ስለነበር ጥሩ ምክንያት አገኘ። ፌስታል ተከለከለ፣ ዘይት ተቀነሰ፣ ስኳር በማንኪያ ጫፍ ሆነ።

እኔም ብሆን የምብስ እንጂ የማንስ አልነበርኩም። የዕቃ እጣቢ ጠብታው ሳይባክን ለጎመኑ እንዲደርስ ግቢው ውስጥ እንደ ዘበኛ እዞር ነበር።

ከሁሉ በላይ የምንኮራው ግን በባዮጋዛችን ነው። ጓሮ የተቆፈረ ጉድጓድ አለን። የላሞቻችንን እበት በውሃ በጥብጠን እዚያ እንጨምራለን፤ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ኩሽና ይደርስና በጎማ ቱቦ ምድጃው ውስጥ ይገባል። ጭስ የለ፣ ጥላሸት የለ። ጋልገሎ አቧራና ትንኝ እንዳይገባ ብሎ ከኩሽናው ጣሪያ ሥር ያለውን ክፍተት ሁሉ በጭቃ ደፈነው። ኩሽናው የሳር ክዳን ስለሆነ ቀትር ላይ የቆርቆሮው ቤት ሲግል እዚያ ቀዝቀዝ ይላል። እንግዳ ሲመጣ "ሕፃን የሚተኛበት ኩሽና አይታችሁ ታውቃላችሁ?" እያልኩ እጎርር ነበር።

የእኔ የወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ የጋልገሎ እናት ልጅ ሊይዙልን ከሊበን መጡ። አዮ ቱሜ ይባላሉ፤ አዮ እናት ማለት ነው። ሲመጡ ከልብሳቸው ሌላ የያዙት ነገር ጮጯቸውን ብቻ ነው። ከእናታቸው የወረሱት የወተት ዕቃ ነው፤ ከእጃቸው አይለይም።

ቦረና ወተትን ባልታጠነ ዕቃ አይጠጣም። የወይራ እንጨት ጫፉ ይቀጣጠልና ጮጮው ውስጥ ይገባል፤ ጭሱ ዕቃውን ያጸዳዋል፣ ወተቱንም ያጣፍጠዋል። አዮ በመጡ ማግስት እሳት ጠየቁኝ።

"አዮ፣ እዚህ ቤት ጭስ ክልክል ነው። ለሲፈን ደረት ብለን ነው" አልኳቸው። በአክብሮት ነው ያልኩት፤ ግን የአስተማሪ ፊቴን አላወለቅሁም።

"ቶሌ" አሉ። እሺ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ወተት አልጠጡም። ስሰጣቸው "ሆዴ አልፈለገም" እያሉ ሻይ ብቻ ይጠጣሉ። ዕድሜ ልካቸውን በወተት የኖሩ ሴት!

ነገሩ በደረሰበት ዕለት ጋልገሎ ለሥራ ወደ ቡሌ ሆራ ሄደ። ከመሄዱ በፊት እበቱን በትልቅ ባልዲ በጥብጦ ከኩሽናው የጓሮ በር አጠገብ አስቀመጠና "ስትመለሺ ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሪው" አለኝ።

ለምሳ ዕረፍት ወደ ቤት መጣሁ። የግቢውን በር ስከፍት ፍየላችን መሐል ግቢ ቆማ ጥቁር ነገር ታመነዥካለች። "ደግሞ የማንን ጫማ በላሽ?" ብዬ ጠጋ ስል ጫማ አይደለም፤ የጎማ ቱቦ ቁራጭ ነው። ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ሽታው መጣ።

ወደ ኩሽናው ሮጥኩ። በሩ ከውጭ በገመድ ታስሯል፤ ፍየሏ ገብታ አግኝተዋት አዮ አስወጥተው ያሰሩት መሆን አለበት። አፍንጫዬን ወደ በሩ ስንጥቅ ሳስጠጋ ሽታው ፊቴን መታኝ። ኩሽናው ጋዝ ሞልቶታል፤ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍነነው በየት ይውጣ? "ግድ የለም፣ እሳት እስከሌለ ድረስ ምንም አይሆንም" እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እኛ ቤት እሳት ከየት ይመጣል? ክብሪቱን እንኳ ደብቄ የማስቀምጠው እኔ ነኝ።

ከዚያ ሲፈን ትዝ አለችኝ። ቤት ገባሁ፤ አልጋው ባዶ ነው። "አዮ!" ብዬ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። አዝለዋት ወጥተው ይሆናል ብዬ ተመልሼ በስንጥቁ ወደ ውስጥ ሳይ፣ ልጄ ኩሽናው ውስጥ ምንጣፍ ላይ እጇን ዘርግታ ተኝታለች።

ገመዱን ያዝኩት። አዮ የሚቋጥሩት ከብት እንደሚያስሩ ነው፤ ስስበው ይብስ ይጠብቃል። ጥፍሬ ተሰበረ። የጓሮው በር ትዝ አለኝና ኩሽናውን ዞሬ ሮጥኩ።

ጥጉን ስታጠፍ አዮን አየኋቸው። ከጎረቤታችን ከሃሊማ ግቢ በአጥሩ ክፍተት እየገቡ ነው። በአንድ እጃቸው ጮጯቸውን አቅፈዋል፤ በሌላው ጫፉ የቀላ የወይራ እንጨት ይዘዋል። የሚሄዱት ወደ ኩሽናው ነው፤ ሲፈን ሳትነቃ ለመድረስ የቸኮሉ ይመስላሉ።

"አዮ! ኢቢዳ! እሳቱን ይጣሉት!" ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ እሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

ደነገጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁም። ስለ ጋዝ ምን ያውቃሉ? እሳቸው የገባቸው ምራታቸው እንደደረሰችባቸው ብቻ ነው። እንጨቱን ቶሎ ጮጮው ውስጥ ሰደዱት፣ ክዳኑን ከላይ ጣል አደረጉበት፣ በልብሳቸው ሸፈኑትና ከእኔ ለመደበቅ ወደ ኩሽናው የጓሮ በር ፈጠኑ። ለበሩ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይቀርባሉ።

"አይግቡ! ሲፈን! ጋዝ!" ሌላም ብዙ ነገር ብያለሁ። በጮህኩ ቁጥር እሳቸው ይፈጥናሉ። ክዳኑ በደንብ አልገጠመም፤ ከልብሳቸው ሥር ጭስ ይወጣል። እጃቸው በሩ ላይ አረፈ።

እኔም ደረስኩ። ባልዲው እግሬን መታኝ። ምንም አላሰብኩም። በሁለት እጄ አነሳሁና ከአናታቸው ጀምሬ ሙሉውን ደፋሁባቸው።

ጮጮው ከእጃቸው ወደቀ። ክዳኑ ተፈናጠረና እንጨቱ እበቱ ውስጥ ቸስ ብሎ ጠፋ። በእግሬ ረገጥኩት፣ ከበሩ አራቅሁት፣ ትንፋሼን ይዤ ገባሁ። ሲፈንን አንስቼ እስከ ግቢው በር ድረስ ሮጥኩ።

አልነቃችም። ስሟን ጠራሁ፤ ጉንጯን መታ መታ አደረግሁ። አንገቷ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለ። "ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ" ከማለት ሌላ ጸሎት ጠፋኝ። ከዚያ ፊቷን አጨማደደች፣ አስነጠሰች፣ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ለቅሶ ለቀቀች። የልጅ ለቅሶ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሃሊማ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች። ልጄን ሰጠኋትና ተመልሼ የጋዙን መዝጊያ ዘጋሁ፤ በሮቹን ከፈትኩ። አዮ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። እበቱ ከሻሻቸው ላይ እየተንጠባጠበ ጮጯቸውን ያያሉ።

"አንቺ! አማትሽን? ምን ነካሽ?" አለች ሃሊማ።

አለቀስኩ። እያለቀስኩ ቱቦውን አሳየሁ፣ ስለ ሽታው ነገርኩ፣ ያ እሳት ገብቶ ቢሆን ሦስታችንም አንተርፍም ነበር አልኩ። ሃሊማ አፏን በእጇ ያዘች። አዮ ሰሙኝ። ቧንቧ ውሃ ከመጣ ሰንብቷል። ለመጠጥ ያስቀመጥኩትን ጀሪካን አምጥቼ ራሳቸውን፣ አንገታቸውን፣ እግራቸውን አጠብኳቸው። እንደ ሕፃን ታጠቡልኝ።

ለጋልገሎ ደወልኩለት። ሁሉን ሰምቶ "ሲፈን ደህና ናት?" አለኝ። "ደህና ናት።" "እናቴስ?" "ደህና ናቸው።" "በእበት ግን?" አለ።

አዮ በማግስቱ ወደ ሊበን በሚሄድ አይሱዙ ተሳፈሩ። ሲፈንን ደጋግመው ሳሟት፤ እኔን "ናጋ" ብቻ አሉኝ፤ ሰላም ማለት ነው። ጋልገሎ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መዶሻ ይዞ በገዛ እጁ የደፈነውን ጭቃ ማፍረስ ነበር። ቱቦው ተቀየረ፣ ፍየሏ ታሰረች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ልጄን አትርፌ የባሌን እናት ያጣሁ መሰለኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ሊበን ሄድን። እኛ ቤት በማንኪያ ጫፍ የሆነውን ስኳር ለእሳቸው በኪሎ ተሸክመን ነው የሄድነው። አዮ ከደጃቸው ቆመው ተቀበሉን።

"አካም ጅርታ፣ ኢንተለኮ?" አሉኝ። ልጄ እንዴት ነሽ ማለታቸው ነው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"አዮ፣ ያ እበት..."

"እበት ምን አለው?" አሉ። "ከብት ቤት ነው ያደግሁት። ይህን ግድግዳ የለሰንኩት በምን ይመስልሻል?" ሳቁ፤ ጋልገሎም ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አዮ ይህን አይተው ሳቃቸውን ተዉ።

"እኔን የከፋኝ" አሉ፣ "በዚህ ዕድሜዬ፣ በልጄ ቤት፣ እሳት ደብቄ ከምራቴ መሮጤ ነው።"

በመንገድ ሁሉ ስለ ጋዙ የማስረዳውን ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። አንዱም ከአፌ አልወጣም። "ይቅር ይበሉኝ" ብቻ አልኩ። ገብተው ወተት አመጡልኝ። ያው ጮጮ ነው፤ አጥበው፣ አድርቀው፣ ደጋግመው አጥነውታል። ጠጣሁት። ጭስ ጭስ ይላል፤ ይጣፍጣልም።

አሁንም ከሰል ቤታችን አይገባም። ጎመኑም እጣቢውን ይጠጣል፤ ዘበኛነቴን አልተውኩም። ግን ከግቢያችን ማዶ ጥግ፣ ከኩሽናውም ከጉድጓዱም ርቆ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ውጭ በሚወስድበት በኩል ጋልገሎ ጉልቻ ተክሏል። አዮ መጥተው ጮጯቸውን አንስተው ወደዚያ ሲያመሩ ሳይ ሲፈንን ወደ ቤት አስገባለሁ። ከዚያ ተከትያቸው ሄጄ፣ እሳቸው ሳይጠይቁኝ፣ ክብሪቱን በሁለት እጄ አቀብላቸዋለሁ።