የያረጋል እምቢታ

ያረጋልን ቂሪያት ማላኪ በምትባለው ከተማ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ ከሰላምታ የሚያልፍ ግን የለም። መንገድ ላይ ሲያገኙት «እንዴት ነህ?» ይሉታል፣ «ተመስገን» ይላል፣ ያልፋሉ። ስድሳን የተሻገረ፣ ረዘም ብሎ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ከጭልጋ ሲመጣ ሸክም የማይፈራ ጎልማሳ ነበር። ቤኤር ቱቪያ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሳጥን ሲሸከም ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው ገደራ ወዳለ የጽዳት ድርጅት ገባ። እዚያ የተሰጠው ሥራ ግድግዳ ላይ የተረጨ ቀለም ማስለቀቅ ነው። ጎረምሶች በትምህርት ቤት አጥርና በአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ የሚሞነጫጭሩትን እሱ በማግስቱ በውሃ ግፊት ያጥባል። አለቃው ሺሞን «ያሪ» ነው የሚለው፤ ሙሉ ስሙን ለመጥራት ምላሱ ይሰንፋል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ።

ሚስቱ የሺዓለም ከሞተች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። አንድ ልጅ አላቸው፣ አቪ ይባላል፤ ያቭነ ይኖራል። ሺሪ የምትባል፣ እዚሁ አገር የተወለደች ነጭ ልጅ አግብቶ ኦፌክ የሚባል ወንድ ልጅ ወልዷል፤ ልጁ አያቱን በዕብራይስጥ «ሳባ» ነው የሚለው። እስኪ ከቂሪያት ማላኪ ያቭነ ስንት መንገድ ነው? አውቶቡስ ላይ ትንሽ አንጎላጅቶ መድረስ ነው። ያረጋል ግን ያንን መንገድ ከሄደ ብዙ ጊዜው ነው።

ለምን አትሉም? ያረጋል ያደገው «ብላ» ስለተባለ የሚበላበት አገር አይደለም። እንግዳ ሲጋበዝ መጀመሪያ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ሆዱ ባዶ ቢሆንም ይላል። ጋባዡም ያንን እምቢታ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። «በሞቴ» ይላል፣ «አፈር ስሆን ይችን ብቻ» ይላል፣ እጁን ይዞ ይጎትተዋል። ከዚያ በኋላ እንግዳው እንደ ተሸነፈ ሆኖ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ጥሪ ዘሎ ማዕድ የሚቀርብ ሰው ሆዳም ይባላል፣ ያሳደጉትንም ያሰድባል። ይህንን የሚያውቅ ሰው ባለበት ሁሉ ያረጋል ጠግቦ ያድራል። የማያውቅ ሰው ፊት ምን እንደሚሆን እናንተው ፍረዱ።

የሺዓለም በሕይወት ሳለች ችግር አልነበረም። አቪ በልጅነቱ «አባ፣ ሻይ ልስጥህ?» ብሎ «አይ፣ ይቅርብኝ» ሲባል ሊመለስ ይላል። እናቱ ከጓዳ ሆና «ዝም ብለህ ስጠው፤ አይ ካለህ ፈልጓል ማለት ነው» ትለዋለች። አቪ እየሳቀ ይቀዳል። ካገባ በኋላም ለሰንበት ሲጠራቸው «ኧረ አትቸገሩ» የሚለው ያረጋል፣ «መጣን በላቸው» ብላ ነጠላዋን የምትከናነበው እሷ ነበረች።

እሷ ከሞተች ወዲህ ያንን የሚናገር ሰው ጠፋ። አቪ ሐሙስ ሐሙስ ይደውልና ነገ ማታ ትመጣለህ ወይ ይለዋል። ያረጋል «ኧረ እኔ ምን ሆንኩ፣ እናንተ ዕረፉ፣ አትቸገሩ» ይላል። ይልና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያችን «በሞቴ» ይጠብቃል። አቪ «ቤሰደር፣ እሺ አባ፣ እንደ ፈለግህ» ብሎ ይዘጋል። በቃ። ያረጋል ዓርብ ማታ የተረፈውን ወጥ አሙቆ ብቻውን ይበላል። ሳምንት ሳምንት የነበረው ጥሪ ቀስ በቀስ በወር ሆነ፣ ከዚያም በበዓል በበዓል። የጥንት ጎረቤቶቹም ከፊሎቹ ሞተዋል፣ ከፊሎቹ ልጆቻቸው ወዳሉበት ሄደዋል፤ ሕንፃው በማያውቃቸው ወጣቶች ተሞልቷል። «ልጄ ረሳኝ» ይላል በሆዱ። በአፉ ለማንም አልተናገረም።

ዘንድሮም ፋሲካ ሲቃረብ አቪ ደወለ። የፋሲካው የመጀመሪያ ማታ፣ ሴዴር የሚሉት፣ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ገበታ የሚቀርብበት ነው። በዚያ ማታ ውሻም ብቻውን አያድርም ያሰኛል። አቪ ትመጣለህ ወይ ሲለው የያረጋል ልብ ዘለለች፤ አፉ ግን የለመደውን ተናገረ፦ ለእኔ ብላችሁ አትድከሙ፣ እዚሁ እሆናለሁ። አቪም «ቤሰደር፤ እንግዲያውስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሺሪ እናት እንሄዳለን» ብሎ ዘጋ። ያረጋል ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ቁጭ አለ፤ መልሶ ይደውላል ብሎ ነው። ወይ ነዶ! ማን ሊደውል?

ሺሞን አዲሱን ሥራ ያመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከገደራ በስተምሥራቅ፣ ሜዳው አልቆ ኮረብታው ከጀመረ በኋላ፣ ሰዎች በገመድ ታስረው የሚወጡት አንድ ገደል አለ። ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። በዕረፍት ቀን ከየከተማው ይመጡበታል፤ ከመጡት ውስጥ አንዳንዱ የሚረጭ ቀለም ይዞ እየመጣ ድንጋዩን አበላሸው። ቀይ ልብ ሣለበት፣ የኳስ ቡድን ስም ጻፈበት፣ እገሌ እዚህ ነበረ አለበት። እንዲያው የት እንደነበረ ለማን ሊያስታውቅ ነው? የበዓሉ ሕዝብ ሳይደርስ ይጽዳ ተባለ። ሌሎቹ ሠራተኞች ገደል ላይ አንወጣም አሉ። ያረጋልም ለእኔ ይከብደኛል ብሎ ነበር፤ ሺሞን ግን «ያላ ያሪ፣ እንሂድ» ብሎ መኪናውን አስነሳ። ከሰው ሁሉ የያረጋልን እምቢታ ከቁም ነገር የማይቆጥር ሺሞን ብቻ ሆኖ ቀረ፤ እሱም ለሥራ ሲሆን ነው።

ገደሉ ሥር የተቀበለችው ታሊ የምትባል የገደል መውጣት አስተማሪ ናት። ገመዱን ከላይ አስራ፣ ቀበቶውን ወገቡና ጭኑ ላይ አጥብቃ፣ ሰፋ ያለ እርከን ላይ አቆመችው። ያረጋል የውሃ ግፊት ማሽኑን ሲፈልግ ይህ ግድግዳ አይደለም አለችው። ግፊቱ ከቀለሙ ጋር የድንጋዩንም ቆዳ ይገፈዋል፤ የሽቦ ብሩሽም ይቧጥጠዋል። አንድ ጥግ ላይ ከዚህ በፊት ሰው በሽቦ የፈተገውን አሳየችው፤ ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል፣ ከቀለሙ ይብሳል።

ስለዚህ ሥራው በለስላሳ ብሩሽና በትዕግሥት ነው። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ይሞከራል። ዝልግልግ ያለ ማስለቀቂያ ይቀባና በላስቲክ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ከዚያ በቀስታ ይታሻል፣ በውሃ ይለቀለቃል። እድፉ አፈሩ ላይ እንዳይወርድ ከሥር ጨርቅ ይነጠፋል። የሚጀመረውም ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ከተጀመረ የሚወርደውን ቀለም ደረቁ ድንጋይ ይጠጣዋል። የመጀመሪያው ቅብ የላይ የላዩን ብቻ ያነሳል። የቀረው ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ተደብቋልና ሁለተኛ ይቀባል፣ ሦስተኛም ይቀባል። ያረጋል እያሸ «ድንጋይ እንኳ ደጋግመው ይለምኑታል» አለና የራሱ ነገር አንገበገበው።

ምሳ ሲሆን ታሊና ተማሪዎቿ ከዛፉ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ና እንብላ አሉት። ጠዋት ከቤት ሲወጣ አንዲት ሻይ ነበር የጠጣው፤ አልራበኝም አለ። እሺ ብለው ምግባቸውን ፈቱ። የቲማቲሙና የተጠበሰው ምግብ ሽታ እስከ እርከኑ ድረስ ወጣ። ያረጋል ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ ምራቁን ዋጠ። በሁለተኛው ቀንም ጠየቁት፣ በሁለተኛውም ቀን እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ አልጠየቁትም። ሰው አንድ ጊዜ በቅጡ መለመን እንዴት ያቅተዋል? እሱስ ቢሆን አንድ ጊዜ እሺ ቢል ምን ይሆናል? እኔ ሁለቱም ያናድዱኛል።

የፋሲካ ዋዜማ ጠዋት ሥራው ሊያልቅ ቀዩ ልብ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያረጋል እርከኑ ላይ ተንበርክኮ የመጨረሻውን ቅብ ያሻል። ታሊና ሁለት ተማሪዎቿ ከሥር ገመዳቸውን እየጠቀለሉ ነው። አንደኛው ተማሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሽማግሌውን ለምን አንጠራውም፣ አንድ ነገር ቀምሶ ይሂድ እንጂ አለ።

«ተወው፤ ብቻውን መሆን ነው የሚወደው። ደጋግመን ብንጠይቀው ክብሩን መንካት ነው» አለች ታሊ።

ያረጋል ብሩሹን እንደያዘ ቀረ። ንቀት ቢሆን ይገባው ነበር፣ ንቀትን ለምዶታል። ይህ ግን አክብሮት ነው! ሰዎቹ ከልባቸው አክብረውት ነው ብቻውን የተዉት። ከዚያ አቪ ትዝ አለው፤ ያች «እንደ ፈለግህ» የምትል ቃሉ ትዝ አለችው። አቪም እንዲሁ መስሎት ቢሆንስ? እጁን ልብሱ ላይ ጠራርጎ ስልኩን አወጣ። ያረጋል ልጁ ዘንድ ደውሎ አያውቅም፤ የሚደወልለት እሱ ነበር።

አቪ ያነሳው ደንግጦ ነው። ምን ሆነህ ነው፣ አመመህ ወይ አለው። ከጀርባው የመኪና ድምፅ ይሰማል። ያረጋል ደህና ነኝ ብሎ የት እንደ ደረሱ ጠየቀ። ሐዴራን አልፈዋል።

«እኔ እኮ እመጣ ነበር» አለ ያረጋል።

«ጠየቅሁህ እኮ አባ። እምቢ አልክ።»

«አንድ ጊዜ ነው የጠየቅኸኝ።»

ያረጋል እናትህ ስትነግርህ አልነበር ወይ አለው። አቪ ያ የሻይ ነገር ነው፣ የልጅነት ጨዋታ ነው፣ አንድ ሰው ዓመት ከዓመት እምቢ ሲል ጨዋታ ነው ብዬ በምን ልወቅ አለ።

«ሺሪን የጠላሃት መስሎን ነበር፤ ነጭ ስለሆነች ቤቷ መብላት የተጸየፍክ» አለው።

ያረጋል ክው አለ። ይህን ሁሉ ጊዜ የተረሳው እሱ፣ በሩ የተዘጋበት እሱ ነበር፤ እንዲህ ብሎ ነው በየማታው ያንጎራጎረው። ለካስ በሩን የዘጋው ራሱ ኖሯል! ስልኩን ለሺሪ ስጣት አለ።

ለሺሪ የሚናገረው በዕብራይስጥ ነው። በአማርኛ ቢሆን ዙሪያውን መሄጃ አያጣም፤ ኧረ ግድ የለም፣ ኧረ እንዲያው፣ ኧረ እናንተ ደህና ሁኑልኝ እያለ ይከርማል። ዕብራይስጡ ግን ከፋብሪካና ከማታ ትምህርት የተለቀመ ነው፣ ቀጥ ካለው ነገር በቀር የለውም።

«መምጣት እፈልጋለሁ፤ ሁልጊዜ እፈልግ ነበር» አላት።

ሺሪ ስታለቅስ ነበር መሰለኝ። ኋላ እናቷ እየጠበቀች መሆኑን፣ መንገዱ በመኪና መዘጋቱን፣ ተመልሰው ሊወስዱት እንደማይችሉ አስረዳችው። ለበዓሉ መጨረሻ ግን አቪ መጥቶ ያመጣሃል፤ እኔም አልጠይቅህም፣ ዝም ብዬ እልከዋለሁ አለችው። ያረጋል ቤሰደር አለ። ከዚያ ኦፌክ እንዳይሰማ ይመስላል፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ኦፌክ ይጠይቀኛል። ሳባ ለምን አይወደንም ይለኛል። ሳባ ደክሞት ነው እለዋለሁ።»

ያረጋል የቀረውን ቀይ አሽቶ ድንጋዩን ለቀለቀው፤ በዚያች ሰዓት ሌላ ምን ያድርግ? ሲወርድ ታሊ ቀበቶውን ፈታችለትና እንደማይወስድ እያወቀች አንድ ብርቱካን ዘረጋችለት። ወሰደ። ቆሞ፣ ልጣጩን እዚያው እየላጠ፣ እሷው ፊት በላው። ታሊ ግራ ገባት፤ ሌላ ጨመረችለት፣ ያንንም በላ።

ሲመሽ ቤቱ ብቻውን ተቀመጠ። ቂጣው አለ፣ የተቀቀለ እንቁላል አለ፣ ድንች በሥጋ ሠርቷል። በግድግዳው ወዲያ የጎረቤቶቹ ልጆች ይዘፍናሉ። በሴዴር ማታ ከገበታው ትንሹ ልጅ ተነስቶ ይህ ማታ ከሌሎች ማታዎች በምን ይለያል ብሎ ይጠይቃል፣ ታላላቆቹ ይመልሱለታል። ብቻውን የሆነ ሰው ራሱን ይጠይቃል፤ እንዲህ ብለው ነበር በዕብራይስጡ ትምህርት ያስተማሩት። ያረጋል በሴዴር የሚነበበውን መጽሐፍ ይዞ እዚያ ቦታ ላይ ደረሰና ጥያቄውን ማንበብ አቃተው። የልጅ ጥያቄማ አንድ አለ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ያቭነ ላይ ሲጠየቅ ኖሯል፣ እሱ እዚህ ሆኖ አልሰማውም። መጽሐፉን ገለል አደረገና ለኦፌክ መመለስ ጀመረ፣ ድምፁን አውጥቶ፣ በዕብራይስጥ። እወድሃለሁ አለ። ቀጥሎ ያለው አልገጥም አለው፤ ተንተባተበ፣ ያለውን ትቶ እንደገና ጀመረ። የሚጠብቅ እንደነበረ፣ ሁለተኛ እስኪጠሩት ይጠብቅ እንደነበረ፣ ይህን ለትንሽ ልጅ በምን ቃል ይነግሩታል? ደጋግሞ እየሞከረ ሳለ ምግቡ ቀዘቀዘ።